ወደ አርመን አገር ለትምህርት የምትሄድ ተማሪ ጾሟንና ጸሎቷን እንዴት ትጠብቅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 16 ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ። በአርመን አገር ዲሊጃን በምትባል ከተማ በሚገኝ ዓለም አቀፍ አዳሪ ትምህርት ቤት የሁለት ዓመት የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼ በነሐሴ መጨረሻ እሄዳለሁ። የምበላው ከብዙ አገር ልጆች ጋር በአንድ አዳራሽ፣ የማድረው ከማላውቃት ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ነው። እንዴት ልጹም? ለወጥ ቤቱ «የወተትና የሥጋ አለርጂ አለብኝ» ብል ኃጢአት ይሆንብኛል? በስፖርት ሰዓት አንገት ላይ የሚታሰር ሁሉ ይውለቅ ይላሉ፤ ማተቤንስ ምን ላድርግ? የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት የት እሳለማለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አለርጂውን ተዪው። ጾም ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ በሐሰት ታጥሮ አይቀርብም። ደግሞም እንዲህ ያለው ቃል ወጥ ቤት ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ በሕክምና ቅጽሽ ላይ ይጻፋል። የትንሣኤ ዕለት እርጎ ስትጠጪ ያየችሽ የአዳሪዎች ኃላፊ ሐኪም ልትጠራልሽ ነው!

ይልቅ ዳንኤልን ተመልከቺ። ወደ ባቢሎን ሲወሰድ ብላቴና ነበር። የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማር ተወሰነበት፤ ተማረም፤ ከእነርሱም በለጠ። ስሙን ለውጠው ብልጣሶር አሉት፤ በዚህ ጠብ አላነሣም። ማዕዱ ላይ ሲደርስ ግን አይሆንም አለ። እንዴት እንዳለው ልብ በይ፤ የጃንደረቦቹን አለቃ በትሕትና ለመነ። አለቃው ንጉሡን ፈርቶ ሲያመነታ፣ የተሾመላቸውን ሰው «አሥር ቀን ፈትነን፤ ጥራጥሬና ውኃ ይስጡን» አለው። ብዙ ወጣቶቻችን ይህን ታሪክ የእምቢታ ታሪክ አድርገው ይሰብኩታል። እኔ ግን የልመና ታሪክ ሆኖ ነው የማነበው፤ ስሙንና ትምህርቱን ተቀብሎ በአንድ ነገር ብቻ የጸና ልጅ ስለነበር ሰሚ አገኘ።

አንቺም አሁኑኑ፣ እዚሁ ሳለሽ፣ ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ጻፊ። ኦርቶዶክስ መሆንሽንና በጾም ወራት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እንደማትበዪ ግለጪ። «ቬጀቴሪያን» ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው፤ በዚያ ማዕድ አይብና እንቁላል ይቀርባልና «ቪጋን» በይ። ቀኖቹንም በእነርሱ አቆጣጠር አስልተሽ ላኪላቸው፦ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ማለትም ከኖቬምበር 24 ገደማ እስከ ልደት፣ ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን። በየዓመቱ የሚዘዋወሩትን በየዓመቱ ታሳውቂያቸዋለሽ። ምሳ ቀርቦ ከሚደነግጥ ወጥ ቤት ይልቅ ከወር በፊት የሰማ ወጥ ቤት ደግ ነው። በስንት ሰዓት ትብዪ የሚለውን፣ በዚያ ብርድና በዚያ ትምህርት ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ትችዪ እንደሆነ፣ የንስሐ አባትሽ አይተው ይወስኑ። አንቺን የማያውቅ ሰው ሰዓት ሊቆርጥልሽ አይገባም።

ከሌሎች ጋር በአንድ አዳራሽ መብላት ያስፈራሽ ይመስላል፤ የድሬዳዋ ልጅ ሆነሽ ይህ ሊያስፈራሽ አይገባም ነበር። በከዚራም ሆነ በሳቢያን ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻው ይታረዳል፣ ለብቻው ይሠራል፤ ድስቱ ይለያያል፣ ድንኳኑ አንድ ነው። በረመዳን የሚጾሙት ጎረቤቶችሽ ፊት በአደባባይ ላለመብላት ተጠንቅቀሽ አድገሻል። እነርሱም በእኛ ጾም የፍስኩን አላቀረቡልሽም። ይህን ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ አርመን እንምጣ፤ እግዚአብሔር የት እንደላከሽ ያወቅሽ አልመሰለኝም። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከግብጽ፣ ከሶርያ፣ ከሕንድና ከኤርትራ አብያተ ክርስቲያናት ጋር አኃት (እኅትማማች) ከምንላቸው አንዷ ናት። በ451 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ እንደ እኛ አልተቀበለችም፤ በጥር 1957 ዓ.ም. የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ የአርመን አባቶችም ነበሩ። በሃይማኖት አንድ ስለሆንን ሥጋውን ደሙን ከእነርሱ መቀበል ትችያለሽ። የግሪክ ወይም የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ብታገኚ ግን፣ ሥዕሉና ዕጣኑ የእኛን ቢመስልም ያንን ጉባኤ የተቀበሉ ናቸውና በቁርባን አንድ አይደለንም፤ ተሳልመሽ ትመለሻለሽ እንጂ አትቆርቢም። ዲሊጃን አጠገብ ሃጋርትሲን የሚባል ጥንታዊ ገዳም በጫካ መካከል አለ። ለአገራችንም እንግዶች አይደሉም፦ በሐረርና በድሬዳዋ አርመኖች በንግድና በእጅ ሙያ ኖረዋል፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የሙዚቃ ተማሪዎችም ወላጆቻቸውን ያጡ የአርመን ልጆች ነበሩ።

ሥርዓታቸው ግን በብዙ ነገር ይለያል፤ ያኔ እንዳትደናገጪ አሁን ልንገርሽ። ጫማ አያወልቁም። ኅብስታቸው ያልቦካ ነው፤ በወይኑ ላይ ውኃ አይጨምሩም። ካህኑ ኅብስቱን በወይኑ አጥልቆ በአፍ ያቀብላል። ከቁርባን በፊት ኑዛዜው በጋራ ይነበባል፤ አንቺ ግን ለንስሐ አባትሽ የምትናዘዢው አይቀርም። ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን፣ ጃንዋሪ 6 ያከብራሉ፤ የእኛ ልደት በማግስቱ ነውና በዚያ ዕለት እነርሱ ሲገድፉ አንቺ አንድ ቀን ትታገሻለሽ። ፋሲካቸውም ከእኛ ጋር አንዳንዴ ይገጥማል፣ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን በአንድ ዕለት እንደዋለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የእነርሱ ይቀድማል። የቤተ ክርስቲያንሽን አቆጣጠር ጠብቂ። በዓላቸውን በቅዳሴ ቆመሽ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለሽ አክብሪላቸው፤ ማዕዱን ግን ለጊዜው ይተዉልሽ። በጾምም ብቻሽን አይደለሽም፦ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር በጥቅል ጎመን የሚጠቀለልበት የጾም ምግብ አላቸው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከሚሠሩት እናቶች አንዷን ስለዚያ ብትጠይቂ ዘመድ ያገኘሽ ያህል ነው።

ጸሎት። ውዳሴ ማርያምንና የዕለት ዳዊትን አታስታጉዪ። የክፍል ጓደኛሽን መጀመሪያ ቀን «ጠዋትና ማታ እጸልያለሁ፣ ድምፅ አላሰማም» በያት፤ እርሷም የራሷ ልማድ ይኖራታል፣ ጠይቂያት። ስትተኛ ጠብቀሽ እንደ ሌባ ተሸሽገሽ መጸለይ አያስፈልግም፤ መብራት አብርተሽ ጮክ ብለሽ ማነብነብም እንዲሁ። በክፍል ውስጥ ስለ ሃይማኖትሽ ቢጠይቁሽ፣ ሐዋርያው ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ካለ በኋላ «በየዋህነት» ብሎ የጨመረውን አትርሺ። የማታውቂውን «ጠይቄ እመልሳለሁ» በይ። ክርክር ለማሸነፍ ብላ ያልተማረችውን የምትናገር ልጅ ቤተ ክርስቲያንን አታስከብርም።

ማተቡ ቀላል ነው። ማተብ የክርስትናችን ምልክት ነው፤ የጥምቀትሽ ማኅተም ግን የተቀባሽው ቅዱስ ቅባት፣ ሜሮን ነው፣ እርሱን ማንም አያወልቀውም። ደንቡ ለደኅንነት ከሆነ በልብስ ውስጥ አጥብቀሽ ማሰር ወይም በፕላስተር መለጠፍ እንዲፈቀድልሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ለዚያ ሰዓት አውልቀሽ መልሰሽ እሰሪው። በዚህ ምክንያት ከስፖርት ክፍል የምትቀሪ ከሆነ ግን ዳንኤልን አልተከተልሽም።

ጊዜው አጭር ነው። ከአጥቢያሽ የክርስትና ምስክር ወረቀት አውጥተሽ በእንግሊዝኛ አስተርጉሚ፤ ለመቁረብ ስትቀርቢ ካህኑ ማንነትሽን ይጠይቃሉና። የንስሐ አባትሽን ስልክ ያዢ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ ከዚያ በፊት ተናዝዘሽ፣ ከእናትሽ ጋር ቆርበሽ ሂጂ።