ጥቅምት ሳያልቅ እንጦጦን ለምትወጡ

ይድረስ ቅዳሜ ማለዳ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ቦርሳችሁን አንግታችሁ ወደ ሰሜን ለምትነሱ ልጆች፤

ስለ መውጣቱ የሚመክራችሁ አታጡም። እኔ የምጽፍላችሁ በአብዛኛው ስለ መውረዱ ነው። ዕድሜውን በመሬት ቅየሳ ዳገት ለዳገት ያሳለፈ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው መመለሻውን ነው። ጉልበት የሚታመመው፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው፣ የእግር ጥፍር የሚጠቁረው፣ ጨለማም የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ሲወረድ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሽ ስለሚያጥር ሰው ሳይወድ ይጠነቀቃል፤ ቁልቁል ግን ትንፋሹ ይመለስለትና ወሬ ይጀምራል።

ጊዜውን ልምረጥላችሁ። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል አደይ አበባው ዓይን ቢስብም መሬቱ ገና የክረምት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል፤ ቀዩ አፈር ጫማ ሥር ይለጠፍና የሶሉን ጥርስ ይሞላዋል። ጥርሱ የተሞላ ጫማ የቱንም ያህል ውድ ይሁን መሬት አይቆነጥጥም። በእኔ ሚዛን ምርጡ ወርኃ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። ጥርት ባለ ማለዳ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ በስተደቡብ ዝቋላ፣ በምዕራብ ወጨጫ ይታያሉ። የምትቆሙበት ሸንተረር ደግሞ ውሃ ከፋይ ነው፤ ወደ ከተማው የወረደው ዝናብ መጨረሻው አዋሽ፣ ወደ ሱሉልታ የወረደው ዓባይ ነው። ይህን ሳያውቁ እዚያ ቆሞ ፎቶ ብቻ ተነስቶ መመለስ ያሳዝናል።

ብርዱን አትናቁት፤ «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። መሀል ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ይጠጋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ላይ ስትደርሱ አምስት ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል፤ ንፋሱ ሳይቆጠር። የሚያስበርደው ደግሞ አየሩ ብቻ ሳይሆን ላብ የጠጣው የጥጥ ቲሸርት ነው። ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ቀይሩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ቅዝቃዜው ፀሐዩን ያስረሳል፤ ከፍታው ላይ ጨረሩ ስለሚበረታ ባርኔጣ አይቅር።

የጡንቻው ዝግጅት ከሳምንት በፊት ይጀምራል። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ስፖርት የሚሠሩትን ተመልከቱ፤ ሁሉም ሲወጣ ይሮጣል፣ ሲወርድ ያርፋል። እናንተ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ቀስ ብላችሁ፣ ጉልበት አጥፋችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ውረዱ። ቁልቁል ስንሄድ የጭናችን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅታችሁ ለዚህ ነው። አንዴ በልኩ የለመደ ጡንቻ ለሳምንታት ያን ያህል አይታመምም። የኮንዶሚኒየም ደረጃም ይሆናል፤ ለሃያ ደቂቃ፣ በሳምንቱ ሁለቴ።

ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር በዚያን ጊዜ ያብጣል። በወፍራም ካልሲ ለክታችሁ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ አውራ ጣት ስፋት ይቅር። አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይመረቅም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ይለበስ። ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ። እግራችሁ አንድ ቦታ ላይ ሲሞቅና ሲለበልብ «ትንሽ ልሂድ» አትበሉ፤ ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉበት። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የሚለጠፍ ፕላስተር ብዙ አይረዳም።

ሰዓት እንዲህ ይሰላል፤ በየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ በየ600 ሜትር ከፍታ ሌላ አንድ ሰዓት። መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር ቢሆንና 500 ሜትር ቢያወጣ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ያልፋል። በቡድን ከሆናችሁ ሲሶ ጨምሩ፤ ቡድን የሚሄደው በዝግተኛው ሰው ፍጥነት ነው፣ የጫማ ማሰሪያና የፎቶ ጊዜም አለ። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ ካለው ሽሮ ሜዳ ከንጋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። የመመለሻውንም ሰዓት ቤት ሳላችሁ ወስኑ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ፊታችሁን አዙሩ። በጥቅምት ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይመሻል፣ ጅቡም ይወጣል።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ለአምስት ሰዓት ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ከወንዝ አትጠጡ። ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ጨው የገባበት በሶ ጭብጥ ያዙ፤ የጽጌን ጾም ለሚጾም ጓደኛችሁም ይሆናል። ለብስኩት የሚወጣው ገንዘብ ይቆጨኛል።

ስትወጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስክትችሉ ድረስ ቀስ በሉ። የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታውን ለምዶታል። ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ግን ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ይክረም። ራስ ምታቱ ከማስመለስ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ትንሽ ነው የቀረን» ብላችሁ አትጎትቱት።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከመነሳታችሁ በፊት የጫማችሁን ማሰሪያ ፍቱና ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ጣት ጫማው ጫፍ ጋር የሚጋጨው ማሰሪያ ሲላላ ነው። ቀጥሎ መሬቱን እዩ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ረዥምና ሰም የተቀባ ያህል ለስላሳ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ይተኛል፣ ከሥሩ ደግሞ ጠንካራው ፍሬ ተበትኗል። ስትረግጡት ቅጠሉ በቅጠሉ ላይ ይንሸራተታል፣ ፍሬው ከሥር ይሽከረከራል። እዚህ ላይ ሰው በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ያኔ ክብደቱ ሁሉ ተረከዝ ላይ ያርፍና ቂጡ መሬት ይመታል። መላው ተቃራኒው ነው፤ ጉልበት ዕጥፍ፣ እርምጃ አጭር፣ ሙሉ ውስጥ እግር መሬት ላይ፣ ደረት ከፊተኛው እግር በላይ። ቁልቁለቱ ሲበረታ አግድም እየተመላለሳችሁ ውረዱ። ዱላ ካላችሁ ከእግራችሁ ቀድሞ ይተከል፤ ለውሻም ይጠቅማል፣ ውሻ ሲመጣ ግን አትሩጡ። ለመደገፍ ቁጥቋጦ ከመጨበጣችሁ በፊት ሳማ አለመሆኑን እዩ።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡ ወደ ተራራው ጎን ጠጋ ብላችሁ አሳልፏቸው፤ ገደሉ በኩል ቆማችሁ ሸክሙ ቢነካችሁ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ። አረማመዳቸውን ተመልከቱ፤ አጭር እርምጃ ምን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያስተምር የለም።

ብቻችሁን አትሂዱ። የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ለሚቀር ሰው ንገሩ። ስልካችሁ ይሞላ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው አታስሄዱት።

እቤት ስትገቡ ጫማችሁን ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፤ ፀሐይና እሳት ሙጫውን ያስለቅቁታል። ሰኞ ዕለት ሁለቱም ጭኖቻችሁ እኩል ቢያሟችሁ አትደንግጡ፣ በሦስት በአራት ቀን ይተዋል። አንድ ጉልበት ብቻ ካበጠ ወይም ሲታጠፍ ከቆለፈ ግን በወጌሻ ሳትታሹ ሐኪም ቤት ሂዱ።