የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ ወፍ ወይስ ሁለት?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉት ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል በሚባሉ ቦታዎች እየተዘዋወርን ወፎችን እናያለን፤ ያየነውንም በቴሌግራም ቡድናችን ላይ እንለጥፋለን። አሁን ግን ሦስት ክርክር ገጥሞናል። ጥቁርና ነጭ ከሆኑት ዓሣ አጥማጅ ወፎች አንዳንዶቹ በደረታቸው ላይ ሁለት መስመር አላቸው፣ ሌሎቹ አንድ ብቻ። ሾላ ላይ ከሚሰፍሩት ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ግንባራቸው ቀይ የሆነና ያልሆነ አለ። አባ ኮዳ ከሚባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍም እግሩ ነጭ የሆነና የጠቆረ አይተናል። አንዱ ጓደኛችን እነዚህን ሁሉ ለየብቻ እየቆጠረ ዝርዝሩን 41 አድርሶታል፤ እኔ አላመንኩትም። ማን ነው ልክ? ያየነውንስ እንዴት ብንጽፈው ለሌላ ሰው ይጠቅማል?
አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ወዳጅዎ ከ41ዱ ውስጥ ሦስቱን መሰረዝ ይኖርበታል። ይሁን እንጂ እንዳይሳቅበት አደራ፤ ልዩነቱን በትክክል አይቷልና፣ የተሳሳተው ለልዩነቱ ስም ለመስጠት በመቸኮሉ ነው።

ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ አንድ ዓይነት ወፍ ነው። ደረቱን በሁለት ጥቁር መቀነት የታጠቀው ወንዱ ሲሆን፣ መሐል ላይ የተቋረጠ አንድ መቀነት ብቻ ያላት ሴቷ ናት። ከሩቅ ሆናችሁ መቀነቱን መቁጠር ቢያቅታችሁ እንኳ፣ ከውሃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ቆሞ ከቆየ በኋላ ቁልቁል ሲወረወር ካያችሁት እርሱ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

የበቀቀኖቹም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ የቀላው ያደገው ወንድ ነው፤ ሴቷና ጫጩቶቹ ግን ቀዩ ቀለም የላቸውም። እዚህ ላይ ግን ቆም ብላችሁ እንድታዩት የምመክረው፣ ይህ ክንፈ ጥቁር ትንሽ በቀቀን በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ በመሆኑ ነው። ሌላው ዓለም ይህን ወፍ በነጻነቱ ለማየት ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ፣ እናንተ ሻይ እየጠጣችሁ ከራሳችሁ በላይ ፍሬ ሲበላ ታዩታላችሁ።

ከሦስቱ በጣም የወደድኩት ግን የአባ ኮዳን እግር ነው። የወፉ እግር በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ ነጭ አድርጎ የሚያሳየው በላዩ ላይ የደረቀው የራሱ ኩስ ነው። አባ ኮዳ ሙቀት ሲበረታበት እግሩ ላይ ይኮሳል፤ እርጥበቱም ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። ስለዚህ ነጭ እግር ያለው አባ ኮዳ ሌላ ዝርያ ሳይሆን ሞቆት የነበረ አባ ኮዳ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ስለ አጻጻፉ ነው። በቡድናችሁ ውስጥ መጀመሪያ የሚጻፈው ስሙ ሳይሆን የታየው ነገር ይሁን፤ መጠኑ፣ የምንቃሩ ቅርጽ፣ ቀለሙ የት የት እንዳለ፣ ምን ሲያደርግ እንደነበረና ስንት እንደነበሩ ከተጻፈ፣ ስሙ ነገ ቢታረም እንኳ መረጃው አይጠፋም። በተለይ «አሞራ» የሚለውን ቃል ብቻውን ተዉት። በከተማችን ጭልፊቱም፣ ጥንብ አንሳውም፣ አባ ኮዳውም፣ አንዳንዴ ፔሊካኑ ሳይቀር አሞራ ይባላል፤ «ሃያ አሞራ አየሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ምን እንዳየ ከሳምንት በኋላ ራሱም አያውቀውም። ዕድሜንም አትርሱ፦ በነጭ ራሱ የምታውቁት ዓሣ በል ንስር በልጅነቱ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆነና ነጩን ላባ ሙሉ በሙሉ ለመልበስ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ለቀጣዩ ክርክራችሁ ምክንያት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

መዝገባችሁ ከጓደኛሞቹ አልፎ ለተመራማሪዎችም እንዲደርስ ከፈለጋችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረውንና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ተቋም የሚያስተዳድረውን ኢበርድ የተባለ ነጻ የመመዝገቢያ ሥርዓት መጠቀም ትችላላችሁ። ለእኛ አገር ሰው አንድ ወጥመድ አለው፤ እርሱም ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ያያችሁትን 1፡00 ብላችሁ ካስገባችሁ መዝገቡ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የታየ አድርጎ ይወስደዋል፤ 7፡00 ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። ቀኑም እንዲሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በአብዛኛው ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሚቆዩ፣ ቀኑ የተሳሳተ መዝገብ ስለ ጉዟቸው የሚሰጠውን ግምትም ያሳስታል። ጎጆ ላይ ያለ ወፍ ካገኛችሁ ግን ፎቶውን እንጂ ቦታውን አትለጥፉ፤ ለማየት የሚጎርፈው ሰው እናቲቱን ከእንቁላሏ ሊያስነሳት ይችላል።

በመጨረሻም፣ የቅዳሜውን ዙር ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ጠዋት አድርጉት። ሐዋሳ የተቀመጠችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ወደ ውሃው ስትመለከቱ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና ወፉን ታበራላችኋለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊታችሁ ስለምትሆን የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጆቹም ጀልባቸውን አስጠግተው ቆሮሶና አምባዛ የሚያራግፉት ጠዋት በመሆኑ፣ አባ ኮዳዎቹና ፔሊካኖቹ ትርፍራፊ ሲጠብቁ እግራቸውንም ደረታቸውንም ተረጋግታችሁ ለማየት በሚያስችል ርቀት ታገኟቸዋላችሁ።