ለክሊኒክ ላብ፦ ሊስ ወይስ ሊምስ?

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ላይ ለከፈትከው የክሊኒክ ላብ «ሊስ ይሻላል ወይስ ሊምስ?» ብለሃል። ሁለቱም የላብ ሥራና ውጤት መመዝገቢያ ሶፍትዌሮች ናቸው። ላንተ ሊስ ነው። ሊስ የሚነሳው ከታካሚው ነው፤ ካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ያዘዘው ሐኪም፣ የቀድሞ ውጤት። ሊምስ የሚከተለው ናሙናን ነው። ለውሃ፣ ለአፈር ወይም ለቢራ ፋብሪካ ላብ ይሆናል።

ዋናው ጣጣ ግን ሶፍትዌሩን ከማሽኑ ጋር ማገናኘቱ ነው። ሻጩን «ከእኔ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ማሽን ጋር አገናኝተህ አሳየኝ» በለው። «ኤችኤል7 (የጤና መረጃ መለዋወጫ ስታንዳርድ) ይችላል» የሚል ወሬ አይበቃም። እኔ በቃል አምኜ ገዝቼ፣ ስንት ወር ውጤት በእጄ ስገለብጥ ከረምኩ!

ሌላው፣ ኖርማል ሬንጁን (የጤነኛ ሰው ውጤት ወሰን) ራስህ መቀየር መቻል አለብህ። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል። ለቆላ አገር የተሞላ ቁጥር እዚህ ደም ማነስን ሊደብቅብህ ይችላል።

ኔትወርክ ሲቆረጥ ሥራ እንዳይቆም ዳታው እዚያው ክሊኒክ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይህን ዩፒኤስም አትርሳ። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ይቀበል እንደሆነም ሳትከፍል ጠይቅ። በነጻ መሞከር ካማረህ ኦፕንኤሊስ የሚባል የላብ ሶፍትዌር አለ፤ ጫኝና ጠጋኝ ባለሙያ ግን ቀድመህ ፈልግ።