38 ማመልከቻ፣ ዜሮ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሀዋሳ ነው። ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ባነር፣ የሰርግ ካርድና ሜኑ ሠርቻለሁ። ከሦስት ወር በፊት አፕወርክ በሚባለው የኢንተርኔት ሥራ ገበያ ላይ አካውንት ከፈትኩ። «ሎጎ፣ ፍላየር፣ ባነር፣ ሁሉንም እሠራለሁ» እያልኩ 38 ማመልከቻ ላክሁ። አንዱም መልስ አላመጣም። በቀደም አንድ ሰው ራሱ ጻፈልኝ። ግን «ቴሌግራም ላይ እናውራ፣ ኮሚሽን ከምትከፍዪ በቀጥታ ልላክልሽ» አለኝ። ሥራው 150 ዶላር ነው። ልግባበት? ከሠራኋቸው ሜኑዎች አንዱን አያይዤልዎታለሁ።
ት.፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ ከቴሌግራሙ ሰውዬ ልጀምር። አትግቢበት።

እኔ ገብቼበት አይቼዋለሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ደንበኛ ለቡና ከረጢት ሌብል ፈልጎ እዚያው ገበያ ላይ አገኘኝና «ውጭ እንጨርሰው» አለኝ። በ120 ዶላር ተስማማን። ሦስት ዲዛይን አሳየሁት፣ አንዱን መረጠ፣ የመጨረሻውን ፋይል ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው የውሃ ሽታ ሆነ። ለማን አቤት ይባላል? ውል የለ፣ የተያዘ ገንዘብ የለ። አቤት ብልስ ደንቡን የጣስኩት እኔው ነኝ፤ አካውንቴን ሊዘጉት ይችላሉ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቡና በቀረበ ቁጥር «የ120 ዶላሩ ነው፣ ቀስ ብለህ ጠጣው» ትለኛለች።

እዚያው ውስጥ ሲሆን ግን አሠራሩ ሌላ ነው። በቁርጥ ዋጋ ሥራ ላይ ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ያስይዛል። ስታስረክቢ አይቶ ለማጽደቅ 14 ቀን አለው። ዝም ካለ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቅልሻል፤ አምስት ቀን ቆይተሽ ታወጪዋለሽ። ስለዚህ «ጀምሪ» ቢልሽም ገንዘቡ መያዙን በዓይንሽ ሳታዪ ኢሉስትሬተርን፣ መሥሪያ ሶፍትዌርሽን፣ እንዳትከፍቺ። ኮሚሽኑ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ሌላው የሥራ ገበያ ፋይቨርማ 20 በመቶ ነው የሚቆርጠው። ዋጋ ስትተምኚ እሱን አስበሽ ተምኚ፣ አለቀ።

አሁን ወደ 38ቱ። ሁሉንም እሠራለሁ የሚል ዲዛይነር እዚያ ቤት ከፊሊፒንስ እስከ ባንግላዴሽ ሞልቷል። በዋጋ ልፎካከር ካልሽ የ5 ዶላር ሎጎ ስትሠሪ ታረጃለሽ። አንቺ ግን አብዛኞቹ የሌላቸው ነገር አለሽ። ፊደል ታነቢያለሽ።

ስቀልድ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን በአማርኛም የሚያወጡት በዚያ ነው። አበሻ በበዛበት ሌላም ከተማ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ተርጓሚው ወርድ ላይ ጽፎ ይልካል። ብሮሸሩ ላይ የሚያስቀምጠው ዲዛይነር ግን ብዙ ጊዜ «ሀ»ን ከ«ለ» አይለይም። የሚወጣውን አይቼዋለሁ። ፎንቱ ፊደላችንን የማያውቅ ከሆነ ገጹ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። ተርጓሚው ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ መትቶ ከሆነ ደግሞ «።» ከዓረፍተ ነገሯ ተነጥላ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። አንድ የክትባት በራሪ ወረቀት ላይ እንዲህ ያሉ ሰባት ቦታ ቆጥሬአለሁ። አንዱ ርዕስማ ለሁለት ተቆርጦ «የጉንፋን ክትባት ለልጆ» ይልና «ች» ታች ወርዳለች። ዲዛይነሩ ምን ያድርግ? ለእሱ ሁሉም ሥዕል ነው።

ሥራሽ ይኸው ነው። ፕሮፋይልሽ ላይ «ሁሉንም» የሚለውን አጥፊና የአማርኛ ጽሑፍ አቀማመጥ እሠራለሁ በዪ። አንድ የእንግሊዝኛ ብሮሸር ራስሽ ፍጠሪ፣ የአማርኛውን ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ የተበላሸውንና ያስተካከልሽውን አቅርበሽ አሳዪ። ከደርዘን ባነር እሱ ይበልጣል። ፎንት ከየትም አትልቀሚ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ነፃ ናቸው፣ ለሚሸጥ ሥራም ይፈቀዳሉ።

ማመልከቻሽን ደግሞ አሳጥሪው። ደንበኛው ዝርዝሩ ላይ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ነው። እዚያ ላይ «ለዲዛይን ካለኝ ጥልቅ ፍቅር የተነሳ» ብለሽ ከጀመርሽ ሰውዬው አልፎሽ ሄዷል። «የላካችሁትን ናሙና አየሁት፤ ገጽ 2 ላይ ሁለት ቦታ አራት ነጥቡ መስመር ስቷል፤ እስከ ሐሙስ አስተካክዬ አደርሳለሁ» በዪው። ለማመልከት የምትከፍዪባት ኮኔክት አንዷ 15 ሳንቲም አሜሪካን ናት፤ አንድ ማመልከቻ ደግሞ ብዙ ኮኔክት ይበላል። በሳምንት ሦስት ቦታ፣ ግን አንብበሽ።

ሥራ ሲገኝ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ከመጀመርሽ በፊት እዚያው መልእክቱ ላይ ጻፊው። በስልክ ያወራችሁትንም መልሰሽ ጻፊው። ዋሽንግተን ቢሮ የሚገባው እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ ክረምታቸው ሲገባ 11። የመብራቱን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ ላፕቶፕሽ ከዚያ በፊት ቻርጅ ይደረግ።

ለቴሌግራሙ ሰውዬ ዛሬውኑ መልሺለት። «ደስ ይለኛል፣ እዚሁ ውል ይላኩልኝ» በዪው። ቁም ነገረኛ ከሆነ ይልካል።

የላክሽልኝን ሜኑ አየሁት፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ግን ዶሮ ወጡ ገጽ 1 ላይም ገጽ 3 ላይም አለ፣ ዋጋው ደግሞ ለየቅል ነው። ፖርትፎሊዮ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት አስተካክዪው።