ትሬድሚሉን ተዪው፣ ሥራቸውን መልሺላቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ። እናትሽ 71 ዓመታቸው ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ሜሪላንድ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው፣ የሚበሉት ትንሽ ነው፣ ክብደታቸው ግን ይጨምራል፣ ደረጃ ሲወጡ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ፤ ትሬድሚል (ቤት ውስጥ የሚራመዱበትን ማሽን) ልግዛላቸው ወይ ብለሻል። እኔ ቨርጂኒያ በአዛውንቶች እንክብካቤ ነው የምሠራው። አባቴንም ከደሴ አስመጥቼ አብረን ነው የምንኖረው። መልሴ አጭር ነው፣ አትግዢ።

ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ይያቸው። ትንሽ እየበሉ መወፈር የታይሮይድ፣ ማለትም የአንገት ዕጢ፣ ችግር ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ማጠሩ ደግሞ ከልብ ሊሆን ይችላል፣ ልብ ሲደክም ሰውነት ውሃ ይቋጥራል፣ ክብደቱም ከዚያ ይመጣል። ማታ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ካየሽ አትቆዪ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፣ እንቅስቃሴ ሲጨምሩ ስኳሩ ሊወርድባቸው ይችላል።

እሱ ደህና ከሆነ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ዕድሜ ነው፣ ሰውነታቸው ማቃጠል አቁሟል» ብለሻል። በ2021 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ከ6,400 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት አለ። የሰውነትን ግዝፈት አመጣጥነው ሲያሰሉት፣ በቀን የምናቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙም አይለወጥም። ከ60 በኋላ ነው በየዓመቱ 0.7 በመቶ ገደማ የሚቀንሰው። እናትሽ ላይ ደምሪው፣ 8 በመቶ እንኳ አይሞላም። ደብረ ማርቆስ እያሉ ደህና የነበሩ ሰው በሁለት ዓመት እንዲህ የሆኑት በዕድሜ ብቻ አይመስለኝም። ውሏቸው ስለተለወጠ ነው።

የድሮ ውሏቸውን አስቢው እስቲ። በጠዋት ቤተ ክርስቲያን በእግር፣ ቅዳሴው በቁም። ሲመለሱ ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል። ዱካ ላይ ቁጭ ብድግ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ጓሮ ወርዶ ጎመን መቀንጠስ፣ ከዚያ ልቅሶው፣ ማኅበሩ፣ ገበያው። አንዱንም ስፖርት ብለውት አያውቁም። አሁንስ? ሥራ ስትሄጂ ሶፋ፣ ስትመለሺ ሶፋ። ቤተ ክርስቲያን በመኪና እስከ በሩ። ሳህን ሊያጥቡ ሲነሱ «እማዬ ተዪው፣ አንቺ አረፍ በይ»። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ጉልበታቸውን እየበላው ያለው ይሄ ዕረፍት ነው።

በ2006 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ የፒትስበርግና የሜምፊስ አካባቢ አዛውንቶች ናቸው፣ 302 ሰዎች፣ ከ70 እስከ 82 ዓመት። በመጠይቅ ብቻ አልቀረም። ከባድ ሃይድሮጅንና ከባድ ኦክስጅን ያለበት ውሃ አጠጥተዋቸው፣ ሽንታቸውን እየመረመሩ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያቃጥሉ ለኩ። ከዚያ ስድስት ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። በእንቅስቃሴ በቀን 287 ካሎሪ ተጨማሪ ለሚያቃጥል ሰው የመሞት አደጋው 32 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጤነኛ ሰው መጀመሪያውኑ ብዙ ስለሚንቀሳቀስ፣ ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ግን የማልረሳው ሌላውን ነው። ብዙ የሚያቃጥሉት ከሌሎቹ የሚለዩት ስፖርት በመሥራት አልነበረም፣ ደረጃ በመውጣትና የሚከፈልበት ሥራ በመሥራት ነበር።

ስለዚህ ሥራቸውን መልሺላቸው። የምር ሥራ ይሁን፣ ለይስሙላ የተሰጠ ከሆነ ወዲያው ያውቁታል። አባቴ «አባባ ትንሽ ይንቀሳቀሱ» ሲባሉ ሰምተው አያውቁም። ልጄን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ መቀበል የሳቸው ኃላፊነት ሲሆን ግን ዝናብም አላስቀራቸው። ለእናትሽ የቡናውን ነገር ሙሉ በሙሉ ተዪላቸው፣ ከእጥበቱ እስከ ስኒው። ልብስ ማጠፍና በየክፍሉ ማድረስ የሳቸው ይሁን። በረንዳ ካላችሁ በሶብላና ጤና አዳም ይትከሉ። ብርድ ሲሆን ሞል ወስደሻቸው ጓደኛ ይዘው ይዙሩ፣ ብቻቸውን አይወዱትም።

አንድ ነገር ግን ከቤት ሥራ ላይ መጨመር አለበት፣ የእግር ጥንካሬ። ከሶፋ ሲነሱ ልብ ብለሽ እያቸው። ወደፊት ወደኋላ ይወዛወዛሉ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይጫናሉ፣ ከዚያ «በስመ አብ» ብለው ይነሳሉ አይደል? የምግብ ጠረጴዛውን ደረቅ ወንበር ግድግዳ አስደግፊና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። መቀመጡ ላይ ዱብ እንዳይሉ፣ ጡንቻው የሚሠራው እዚያም ነው። መጀመሪያ አጠገባቸው ቁሚ። ካቃታቸው ትራስ ደርቢበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ፣ ሰውነትን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ፣ 2 ቀን የጡንቻ፣ 3 ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ ይላል። እየተቆራረጠም ይቆጠራል።

ጉንፋን ይዟቸው ቢተኙ ደግሞ ሲሻላቸው ቶሎ አስነሺያቸው። ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ውለው ከእግራቸው አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ እንዳጡ በጥናት ታይቷል።

ምግባቸውን እንዳትቀንሺ አደራ። የሚያጡት ጡንቻቸውን ነው። በጾም ሽሮው፣ ምስሩና አተሩ ወፈር ይበል፣ እንጀራው ይቀንስ። በፍስክ ጠዋት እንቁላል ወይም እርጎ ስጫቸው፣ ብዙዎቹ እናቶቻችን ቁርስ ማለት ሻይ በዳቦ ነው የሚመስላቸው። የሐኪሙን ውጤት ስታገኚ እዚሁ ጻፊልን፣ በተለይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ፣ የወንበሩ ነገር ለሱ ትንሽ ይለያል።