መልስ፦ አዋሽ ፓርክ ውስጥ እባብ ፎቶ ማንሳት
ወንድሜ፣ «100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ ይበቃኛል ወይ? በስንት ሰዓትስ ልውጣ?» ላልከው፦ ማክሮውን ቤት ተወው፣ በቅርበት ማንሻ ስለሆነ ከሚገባው በላይ ያስጠጋሃል። ከርቀት የሚያነሳ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዝ።

ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጣ። እባብ ሰውነቱን ለማሞቅ ድንጋይ ላይና መንገድ ዳር የሚወጣው ያኔ ነው፤ ፀሐዩ ሲከር ጥላ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉም በላይ እፉኝትን ተጠንቀቅ። ኮቴ ሰምቶ አይሸሽም፣ ደረቅ ቅጠል መስሎ ዝም ይላል፤ ብዙ ሰው የሚነደፈው ሳያየው ስለሚረግጠው ነው። ወፍራም አጭር ሰውነቱንና ጀርባው ላይ በተርታ የተደረደሩትን የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ጥቁር ምልክቶች ዓይንህን አስለምድ። ድንጋይ በእጅህ አትገልብጥ።

ከ2 ሜትር በላይ ራቅ። በሌንሱ ስታይ ርቀቱ ይረሳሃልና መጀመሪያ በዓይንህ ለካ። ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገህ ፎከሱን የእባቡ ዓይን ላይ አድርግ፤ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ይሁን። ከላይ ቆመህ ያነሳኸው እባብ የተጣለ ገመድ ነው የሚመስለው። ሰውነቱን ነፍቶ እፍ ማለት ከጀመረ ቀስ ብለህ ወደኋላ ተመለስ።

ከተነደፍክ አትብጣ፣ አትምጠጥ፣ በገመድ አትሰር። ቀለበትና ሰዓትህን ቶሎ አውልቅ፣ እግርህን ሳታንቀሳቅስ በመኪና ሆስፒታል ሂድ።