ሽንኩርቱን ከመትከልህ በፊት ዕዳህ የሚከፈልበትን ወር አስላ

አብሽር ወንድሜ። በሐርቡ ዙሪያ ሁለት ጥማድ መሬት እንዳለህ፣ ማሽላና ጤፍ እያፈራረቅህ ገቢህ አልጨምር እንዳለህ፣ አሁን ጎረቤቶችህን አይተህ በብድር የውኃ ሞተር ገዝተህ ሽንኩርት ለመትከል እንደምታስብ ጽፈሃል። እኔም እዚያው ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ከአንተ ብዙም የማይበልጥ መሬት አርሳለሁ፤ የጠየቅኸውንም ሞክሬዋለሁ።

ሽንኩርቱ አምሮ ነበር። ነገር ግን አገሩ ሁሉ በአንድ ሰሞን ስለተከለ በአንድ ሰሞን ደረሰ፤ ነጋዴው አይሱዙውን ማሳ ዳር አቁሞ ዋጋውን ራሱ ቆረጠ። የተነቀለ ሽንኩርት ቀን አይሰጥም። የሞተሩን ብድር የከፈልሁት በሬ ሸጬ ነው፤ በሬው ከበረት ሲወጣ ልጆቼ አልቅሰዋል። ሽንኩርት አትትከል አልልህም። ሞተሩን ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር አዋጥታችሁ ግዙ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከግማሽ ጥማድ አትለፍ።

የእኔን ኑሮ ያቃናው ሌላ ነገር ነው። ያኔ የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠየቀው ጥር ላይ ነበር፤ ጥር ደግሞ ሁሉም ማሽላውን ወቅቶ ገበያ የሚያወጣበትና ዋጋው የሚወርድበት ወር ነው። በርካሽ የሸጥሁትን እህል ሐምሌ ላይ ለቤቴ መልሼ በውድ እገዛ ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖርሁ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚህ ያወጣኝ ማሾ የሚባለው ደቃቅ አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው። አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ የዘራሁት ማሽላ በግንቦትና በሰኔ ድርቅ ጠፋ፤ ሐምሌ ሲገባ ገልብጬ ማሾ ዘራሁበት። በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጥቅምት ላይ ገንዘብ በእጄ ገባ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንዱን ጥማድ ለማሾ እለያለሁ። ዕዳውን ማሾው ይከፍላል፣ ማሽላው ሐምሌን ይጠብቃል። ጥራጥሬ ስለሆነ መሬቱንም ያክማል፤ በማሾው ቦታ በዓመቱ የሚበቅለው ማሽላ መልኩ ይለያል።

ለቀማው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍሬውን የያዘው ቆባ እኩል ደርሶ አይጠቁርምና ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለስህ በእጅ ትለቅመዋለህ። የደረሰው ላይ ዝናብ ከወረደበት ፍሬው ይጠቁራል። አብዛኛው ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ስለሆነ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙንና ንጽሕናውን ነው። እኛ ስምንት ጎረቤታሞች አንድ ላይ አበጥረንና ነፍተን፣ መኪና ተከራይተን ኮምቦልቻ ድረስ ወሰድነው። እያንዳንዳችን በየደጃችን ከሸጥንበት ዓመት ይልቅ በኩንታል 300 ብር በለጠልን። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን ሚዛኑን በዓይናችን ማየታችን ነው።

ማሽላውን ለማቆየት ነቀዙን ማሸነፍ አለብህ። እኔ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት እጠቀማለሁ፤ ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻ ጥብቅ ተደርገው ሲታሰሩ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም። እህሉ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ከከተትህ ይሻግትብሃል። በየሳምንቱ እየፈታህ አትይ።

አገዳውን ደግሞ በሜዳ አትተወው። ከትፌ ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ለሁለት ሙክቶች እሰጣለሁ፤ ከአረፋ ወይም ከፋሲካ ሦስት ወር ወደ ኋላ ቆጥሬ ነው የምገዛቸው። አረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ ባለፈው ዓመት ወር አትመራ።

ለጊዜው ብድሩን አትፈርም። ከፈረምህም መክፈያው ወር ጥር እንዳይሆን ተከራከር። የማሾ ዘሩን ሐምሌ ሳይገባ ያዝ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁሉም ስለሚፈልገው ይወደዳል። ካጣህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ለአንድ ጥማድ የሚበቃ ከእኔ አይጠፋም፣ ስትሰበስብ በዓይነቱ ትመልስልኛለህ።